ተራ አስከባሪው ባንቴ መሪ ተዋናዩን ከሞት ያተረፈበት ዜና

ንዌጥን እንከ ጽሒፈ ዜናሁ ለባንቴ፤ የጅቡቲን የአርሂባ ሰፈር አሸዋ በነጠላ ጫማው ላደላደለው፣ ድምፁ ከወደቡ ክሬን ጩኸት በላይ ለሚሰማው፣ ከአንድ ስልክና ከአንድ ጃንጥላ በቀር ሀብት ለሌለው ለሊቀ ተራ ባንቴ። ይህም የሆነው በሁለት ሺህ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት በዘመነ ማቴዎስ ወንጌላዊ፣ ባንቴ የከባድ መኪና ተራ ማስከበር በያዘ በአሥራ ስምንተኛው ዓመት፣ ጭነት የሚሻማው አዲሱ ባቡር በናጋድ ጣቢያ ታይቶ የሾፌሩ ሁሉ ልብ በራደበት ወራት ነው። ይህን የሚጽፈው ጸሐፊም ሙቀቱ ቀለሙን እያደረቀበት ጻፈ እንጂ ከራሱ ምንም አልጨመረም፤ ቢጨምርም ለጌጥ ያህል ነው።

አስቀድሞ ግን ሽልማቱ ከወዴት እንደ መጣ ይነገር። በሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና አንድ ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ሉቃስ፣ ሰሜኑ በጦርነት ተዘግቶ የአሰብን መንገድ የለመደ ከባድ መኪና ሁሉ አፍንጫውን ወደ ጅቡቲ ባዞረ ጊዜ፣ በአርሂባ የውብዳር የምትባል ሴት ነበረች፤ አያቷ ከፈረንሳዮቹ ባቡር ጋር ከድሬዳዋ ወርዶ የቀረ፣ እርሷም እዚያው ተወልዳ ያደገች፣ በፈረንሳይኛ የምትቆጥር፣ በሶማልኛ የምትከራከር፣ በአማርኛ ግን የምትቆጣ። እርሷም ሾፌሩ ጥላ አጥቶ በመኪናው ሆድ ሥር ተጋድሞ ባየች ጊዜ ግማሹን በርኅራኄ፣ ግማሹን በንግድ ተነሥታ ሳሎኗን ከፈተች፤ ቴሌቪዥንና ካሴት ማጫወቻ አቆመች፤ በበሩም ላይ መጋረጃ ሰቅላ ፊልም ቤት አደረገችው። ሾፌሮቹም ጫት ይዘው እየገቡ፣ ከተዋንያኑ ማን እንደሚበልጥ እየተከራከሩ፣ አንድ ቀን ክርክሩ ከአፍ አልፎ ወንበር እስከ መወራወር ደረሰ። ያን ጊዜ የውብዳር ቴሌቪዥኑን አጥፍታ አዋጅ ነገረች፤ አዋጁም እንዲህ የሚል ነው፦

«ስሙኝ ወንድሞቼ። ወንበሬን ማንም አይሰብርብኝም፣ ኸላስ። ከዛሬ ጀምሮ በየዓመቱ በጾሙ መግቢያ እጅ አውጥታችሁ ትመርጣላችሁ፤ በዳግማ ትንሣኤ ይሸለማል። አንድ ሰው ብቻ ነው የሚሸለመው፣ መሪ ተዋናዩ። ለአጃቢውም፣ ለሙዚቀኛውም፣ ለፈረሱም እንሸልም የምትሉ በሩ ያውላችሁ፤ መደርደሪያዬ ጠባብ ነው። ቮአላ።»

ሽልማቱም ፒስተን ሆነ፤ ከሞተር ሆድ አርጅቶ የወጣ፣ በናፍጣ የታጠበ፣ የወርቅ ቀለም የተቀባ። በዘመነ ካሴት የተሸለሙት ከሕንድና ከወዲያኛው ዓለም ስለ ነበሩ ስማቸውን የሚያውቅ አልተገኘም፤ በመደርደሪያው ላይም «ለባለ ጺሙ»፣ «ለዚያ ለሚዘለው» እየተባለ ተጻፈላቸው። በዘመነ ሲዲ የአማርኛ ፊልም እንደ አሸን በፈላ ጊዜ ተሸላሚዎቹ ስም አገኙ፤ ነገር ግን አንዳቸውም መሸለማቸውን ሳያውቁ አዲስ አበባ ላይ ይበሉና ይጠጡ ነበር። በዘመነ ፍላሽም እንዲሁ። ፒስተኖቹ ባለቤት ሳያገኙ አቧራ ለብሰው ቆሙ፤ የውብዳርም ለዳግማ ትንሣኤ በየዓመቱ ታጥባቸዋለች።

ይህ ሽልማት ግን አንድ ነውር ነበረበት፤ ነውሩንም ያደረሰው ሳያውቅ ባንቴ ነው። ባንቴ ቀድሞ ራሱ ሾፌር ነበረ፤ መኪናው በጅቡቲው መንገድ ዲኪል ላይ ሞተሩ ተቃጥሎ ባለንብረቱ ሌላ ባልሰጠው ጊዜ በጅቡቲ ከተማ ቀርቶ ተራ አስከባሪ ሆነ። ሥራውም ይህ ነው፦ ከወደቡ «መኪና ላክ» ተብሎ ሲደወልለት፣ ተራው የደረሰውን ሾፌር ካለበት ፈልጎ ይጠራዋል። ተጠርቶ ያልደረሰ ሾፌር ወደ ሰልፉ ጭራ ይመለሳል፤ ወደ ጭራ የተመለሰም በዚያ ሙቀት ሳምንት ሙሉ ሲጠበስ ይሰነብታል። ስለዚህ የባንቴ ድምፅ በተሰማ ጊዜ ሻይ የያዘ ሻዩን ያስቀምጣል፣ የሚላጭ ግማሽ ጺሙን ይዞ ይሮጣል። ባንቴም ለወዳጁ አድልቶ፣ ለቀልድ ብሎ፣ ወይም ተሳስቶ ጠርቶ አያውቅም። ቤት የለውም፣ ልጅ የለውም፤ ያለው ይህ ነው። «ባንቴ ጠራ» ከተባለ ማንም «እውነት ነው ወይ?» ብሎ አይጠይቅም፤ እርሱም ማታ ሲተኛ ይህን እያሰበ ደስ ብሎት ይተኛል።

እንግዲህ አስተውሉ። ፊልሙ ሲጀመር የሚገባ ሾፌር ሁሉ ሳያልቅ ይጠራል፤ በመጋረጃው ክፍተት የባንቴ ራስ ብቅ ይላል፣ ሰውየውም ይነሣል። ከአርሂባ ሾፌሮች መካከል አንድ ፊልም እስከ መጨረሻው ያየ አልነበረም። ሁሉም መጀመሪያውን ጠጥቶ መጨረሻውን እየነዳ በልቡ ይፈጽመው ነበር፤ በልቡም ሁልጊዜ ጀግናው ያሸንፋል። መሪ ተዋናዩም የተመረጠው በዚህ ዓይነት ነው፤ ይህ ሁሉ ዓመት እንዲህ አለፈ፣ ማንም አላፈረበትም።

ወእምዝ በዚያው ባቡሩ በታየበት ዓመት በጾሙ መግቢያ ምርጫው ተደረገ፤ እጅ ሁሉ ለአንድ ሰው ወጣ። ይህም ጸሐዬ የሚባል ተዋናይ ነው፤ በአንድ ፊልም የከባድ መኪና ሾፌር ሆኖ ሠርቷል። ሾፌሮቹ ስለዚህ ሰው ሲያወሩ ዓይናቸው ያበራ ነበር። ከመነሣቱ በፊት መኪናውን ዞሮ ጎማውን ሁሉ በብረት እየመታ ድምፁን ያዳምጣል፤ ኮንትሮባንድ ጫን ቢሉት እምቢ ይላል፤ ቁልቁለት ሲጀምር አስቀድሞ ማርሽ ይቀንሳል። በፊልም ላይ ማርሽ የሚቀንስ ሰው አይተው አያውቁም። ካሣ የተባለው፣ ቀዩን መኪና የሚነዳው፣ በዚያ ቦታ ሲደርስ ሁልጊዜ ቀኝ እጁ ሳያውቀው ይንቀሳቀሳል።

ይህ ካሣ ወደ አዲስ አበባ ወጥቶ ቃሊቲ ጎሚስታ ጋ ጎማ ሲያስጠግን፣ እነሆ ጸሐዬ ራሱ የአንዲት አሮጌ ቮልስ ጎማ ተሸክሞ መጣ። ካሣም በጎሚስታው ሕዝብ ሁሉ ፊት አዋጅ ነገረ፦ «ጋሽ ጸሐዬ፣ ይህን እጅዎን ልሳመው። ጅቡቲ ላይ የዓመቱ መሪ ተዋናይ ሆነው ተመርጠዋል። ባንድ ድምፅ ነው፣ አንድም የተቃወመ የለም።» ጸሐዬ ዕድሜውን በሙሉ የጎረቤት፣ የዘበኛ፣ የሙሽራ አጎት ሆኖ የሠራ ሰው ነው፤ «መሪ» የሚለው ቃል ከስሙ ጋር ተነግሮ አያውቅም። ካሣን ደጋግሞ አስማለው። ከዚያም ጎማውን እዚያው አስቀምጦ ሱፍ ሊያሰፋ ሄደ። ሽልማቱ የሚሰጠው ከሳምቡሳ ቤት ጎን መሆኑን ካሣ አልነገረውም፤ አልተጠየቀምም።

ዳግማ ትንሣኤም በደረሰ ጊዜ በወደቡ ታይቶ የማይታወቅ ነገር ሆነ። ስንዴ የጫነች መርከብ ገባች፤ ስንዴው ግን በሙከራ ላይ ባለው ባቡር ተጭኖ ነጎደ፤ ሌላይቱ መርከብም ዘገየች። የባንቴ ስልክ ዝም አለ። ሾፌሮቹ ጥፍራቸውን ሲቆርጡ ዋሉ፤ ባንቴም ምን እንደሚሠራ ጠፋው፤ በዋዜማው ቅዳሜ፣ ለበዓሉ የሚታየውን ፊልም ፍላሹን ሞክር ተብሎ ከየውብዳር ዘንድ ገባ። በፊተኛው ወንበርም ተቀመጠ። በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ በዚያ ቤት ሲቀመጥ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ጸሐዬም በፊልሙ ላይ ጎማውን መታ፣ ኮንትሮባንዱን እምቢ አለ፣ ማርሹን ቀነሰ። ከዚያም ፍሬን እምቢ አለው፤ መኪናው ከገደሉ ወረደ፤ ሞተ። ባንቴ ተንኮል ይሆናል፣ ተርፎ ይመጣል ብሎ ጠበቀ። ቀበሩት። ፊልሙ ገና ግማሹ ነበር። ከዚያ ከአዲስ አበባ ታናሽ ወንድሙ መጣ፣ ከአንዲት የፋርማሲ ልጅ ጋር ፍቅር ጀመረ፤ የቀረው ሁሉ የእርሱ ሆነ፣ በሠርግም አለቀ። የተዋንያኑ ስም ሲወጣ የጸሐዬ ስም ከሙሽሪት አክስት በታች ነበረ። ባንቴም ወደ ጓዳው ዞሮ «ሞተ እኮ!» አለ። የውብዳርም ከጓዳ ወጥታ የሚከተለውን አወጀች፦

«እኔማ ከመጀመሪያውም አውቃለሁ። ሁልጊዜ እዚያ ጋ ነው የሚሞተው። ማን ጠየቀኝ? ገና ሳይሞት ትጠራቸዋለህ፣ ደስ ብሏቸው ይወጣሉ። ደስ ያለውን ሰው ከኋላው ሮጬ፣ ዋላል፣ ወንድሜ፣ ሰውየው ሞተ ልበለው?»

ባንቴ ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። ነገሩ እንዲህ ነበረ፦ ነገ መርከብ የለም፣ ተራ የለም፤ ሾፌሩ ሁሉ እስከ መጨረሻው ይቀመጣል፤ በተሸላሚው ፊት መሪ ያሉት ሰው በግማሽ መንገድ ይሞታል፤ እርሱም በአዲስ ሱፍ በመካከላቸው ተቀምጦ መሪ አለመሆኑን ሁሉም ሲያውቅ ያያል። ለሾፌሮቹ አስቀድሞ ይነገራቸው ቢባል፣ ጸሐዬ ሽልማቱን ሊቀበል ተሳፍሯል፣ አሁን በባቡር ላይ ነው። ባንቴ ደጋግሞ ስልኩን አየ፤ በሕይወቱ መርከብ እንዲህ ናፍቆት አያውቅም።

በማግሥቱም ሾፌሮቹ ተሸላሚውን ሊቀበሉ ወደ ጠላታቸው ሰፈር ወደ ናጋድ ዘመቱ። ቀዩን መኪና አጥቦ አበባ ያሰረበት ካሣ መራ፤ ቀጥሎም ባለ ሰማያዊ ሸራው ጌቾ፣ ከእርሱም ጋር ባፈና፣ ከአርባ ምንጭ ሙዝ በጋቢናው ጭኖ የሚመጣው፤ ከኋላም በጭነት ቦታ ላይ ቆመው ስማቸው በሌላ መጽሐፍ የሚጻፍ ብዙዎች። ከጣቢያው በራፍ በደረሱ ጊዜ ክላክስ በአንድነት ነፉ፤ የጣቢያው ጠባቂዎችም አድማ መስሏቸው ተደናገጡ። ጸሐዬ ጥቁር ሱፍ ለብሶ፣ ክራባቱን አንገቱ ድረስ አጥብቆ፣ በሚያዝያ ፀሐይ ወረደ። ከባቡሩ ምቾት ወጥቶ በካሣ ጋቢና ተቀመጠ፤ አርሂባ እስኪደርስ ድረስ ግንባሩን በመሐረብ ይጠርግ ነበር።

ፊልም ቤቱን ባየ ጊዜ፣ እውነት ለመናገር፣ ፊቱ አልተለወጠም። አዳራሽ ጠብቆ ሳሎን ያገኘ ሰው ቢሆንም፣ መደርደሪያውንና ለእርሱ የተዘጋጀውን ፒስተን አይቶ እጁን በደረቱ ላይ አደረገ። ፊልሙ ሊታይ መሆኑን ሲሰማ ግን ደነገጠ፤ ተነሥቶም እንዲህ አለ፦ «ወንድሞቼ፣ አክብራችሁኛል፣ ይህ ይበቃኛል። ፊልሙን አይታችሁታል፤ ይልቅ ፎቶ እንነሣ። ማየቱ ይቅር፣ እለምናችኋለሁ።»

ሾፌሮቹም ትሕትና መሰላቸውና አጨበጨቡ። ባፈና ተነሥቶ የሕዝቡን መልስ አወጀ፦ «ጋሽዬ፣ አይፈሩ። እኛ ይህን ፊልም መጨረሻውን አይተነው አናውቅም፤ ይኼ ጋሽ ባንቴ መች ያስቀምጠናል! ዛሬ ግን እግዜር ይስጠው፣ መርከብም የለ፣ ተራም የለ፤ እንደ ሰው ተቀምጠን እንዴት እንዳለቀ እናያለን።» ይህን ሲሰማ ጸሐዬ ተቀመጠ፤ ክራባቱንም ጠበቅ አደረገ። ባንቴ ከመጋረጃው ሥር ቆሞ አየው። ሰውየው የሚሆነውን አስቀድሞ ያውቃል፤ ያውቃል፣ ግን መጥቷል። ምናልባት ሳያዩት ሸልመው ይሰዱኛል ብሎ ነበር።

ፊልሙም ተጀመረ። ካሣ ጫማውን አውልቆ እግሩን ዘረጋ፤ ጌቾ ሳምቡሳ አዘዘ። ጎማው ሲመታ ሁሉም አጨበጨቡ፤ ኮንትሮባንዱ እምቢ ሲባል አፏጩ። መኪናው ወደ ቁልቁለቱ ሲቀርብ ባንቴ ስልኩን አየ፤ ስልኩ እንደ ድንጋይ ዝም ብሏል። ጸሐዬ ዓይኑን ከስክሪኑ ላይ አንሥቶ ወደ ጉልበቱ መለሰ። በፊልሙ ላይ እጁ ማርሹን ያዘ። የካሣም እጅ ተንቀሳቀሰ።

ያን ጊዜ ሊቀ ተራ ባንቴ፣ ውሸት ጠርቶ የማያውቀው፣ መጋረጃውን ገልጦ ድምፁን ከፍ አድርጎ አወጀ፦

«ተራ ደርሷል! የካሣ ቀዩ! የጌቾ ሰማያዊው! ባፈና! ሁላችሁም! መርከብ ገብታለች፣ ያላ፣ ተነሡ!»

ሁሉም በአንድ ጊዜ ተጠርተው አያውቁም፤ ማሰብ የጀመረ ሰው ቢኖር ኖሮ ነገሩ እዚያው ላይ ይከሽፍ ነበር። ዳሩ ግን የባንቴ ድምፅ ነው። እግሮቹ ከልቦቹ ቀድመው ተነሡ፤ ወንበር ወደቀ፣ ሳምቡሳ ተረገጠ፣ ካሣ አንድ ጫማ ብቻ አድርጎ ወጣ፣ ጌቾም የባፈናን ባርኔጣ ደፍቶ ተከተለ። ባንቴም በሩ ላይ ቆሞ ሲያልፉ አያቸው፤ አንዱም «እውነት ነው ወይ?» አላለም። ያ ነው የከበደው። ቤቱ ባዶ ሆነ፤ ከኋላው መኪናው ከገደል ሲወርድ ተሰማ።

ጸሐዬም በባዶው ቤት ተቀምጦ የራሱን ቀብር ተመለከተ። የውብዳር ቴሌቪዥኑን ልታጠፋ ተነሣች፤ እርሱ በእጁ ከለከላት። ባንቴ ደጁ ላይ ቆየ እንጂ አልገባም። በስክሪኑ ላይ የፋርማሲዋ ልጅ በመጣች ጊዜ ጸሐዬ መሐረቡን አውጥቶ ፊቱን ጠረገ፤ ከዚያ በኋላ ራሱ ተነሥቶ አጠፋው።

ሾፌሮቹ በላብ ታጥበው ተመለሱ። በወደቡ በር መርከብም የጠራቸውም ሰው አልነበረም። ካሣም እግሩ ላይ አሸዋ እንደ ተጣበቀ ከባንቴ ፊት ቆሞ ፍርዱን አወጀ፦ «ጋሽ ባንቴ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ቃልዎን አምነን ሮጠናል። እንጀራ ከአፋችን እየጣልን። ዛሬ በእንግዳ ፊት መሳቂያ አደረጉን። ምን በደልንዎት? ከእንግዲህ እርስዎ ሲጠሩ ጌቾ ወደቡ ደውሎ ያጣራል። በቃ።» ባንቴም ወደ በሩ አፈገፈገ። አፉን ቢከፍት ሰውየው እንደገና ይሞታል።

ጸሐዬ ይህን ሰምቶ ወደ ፊት ወጣ፤ ነገሩ ገብቶት ነበርና እውነቱን ሊናገር አፉን ከፈተ። ባንቴ ከበሩ ሆኖ አየው፤ «አይሆንም» በሚልም ቀስ አድርጎ ራሱን ነቀነቀ። ጸሐዬም ንግግሩን ትቶ የውብዳር ያወረደችለትን ፒስተን ተቀበለ። ካሣም ቁጣው ሳይበርድ ወደ እንግዳው ዞሮ ስለ ሁሉም ጠየቀ፤ ያመለጣቸው ያሳዝናልና፣ በፊልሙ ያለው ሾፌር መጨረሻው ምን እንደ ሆነ እርሱ ራሱ ይንገራቸው አለ። ጸሐዬም ፒስተኑን በሁለት እጁ አቅፎ፣ በሕይወቱ ካወጀው ሁሉ አጭሩን አዋጅ ነገረ፦

«ደረሰ። ጭነቱን አራግፎ፣ ማታ ቤቱ ገባ።»

ሾፌሮቹም ሁሉ እንደዚያ መሆኑን ድሮም ያውቁ ነበርና እልል አሉ፤ ካሣ አለቀሰ፤ የውብዳርም ዓይኗን ለማበስ ወደ ጓዳ ገባች። የመሪ ተዋናይ ሽልማት ከተቋቋመ ጀምሮ ለባለቤቱ የተሰጠው ያን ቀን ብቻ ነው። ጸሐዬም ፒስተኑን በጭኑ ላይ አድርጎ በባቡር ተመለሰ፤ ሲሰናበት የባንቴን እጅ ከሁሉም ይልቅ ረዘም አድርጎ ያዘው።

እንግዲህ ምድር ስትሰማ ይነገር፤ ነገሥታት ከተማ አስገብረዋል፣ መኳንንት ዘርፈው ዘፍነዋል፤ ይህ ባንቴ ግን ያለችውን አንዲት ንብረት፣ መታመኑን፣ ለማያውቀው ሰው ሱፍ ሲል ሰጠ፤ ክብሩ ከክሬኑ ይርዘም፣ ስሙ ከአርሂባ እስከ ጋላፊ ድንበር በክላክስ ይነፋ፣ የሙቀት ወራትም ይራሩለት። እርሱ ዛሬም ተራ ይጠራል። ሾፌሮቹም ዛሬ በመጋረጃው ክፍተት ራሱን ሲያዩ፣ እግራቸውን ሳያነሡ፣ «ጋሽ ባንቴ፣ የምርዎን ነው?» ይሉታል፤ እርሱም ጌቾ ደውሎ እስኪጨርስ ድረስ ቆሞ ይጠብቃል።